አንጎል በጎልማሳነት ዐዲስ ሕዋስ ይወልዳልን? ከጎጃም የአብነት ጉባኤያት አንጻር



በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት የአብነት ጉባኤያት የትምህርቱ ቀን የሚጀምረው ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ሰዓት፣ ደበሎውን የደረበ ተማሪ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ፣ መብራት ሳያበራና መጽሐፍ ሳይገልጥ ትናንት ከየኔታ የተቀበለውን ቀለም ይቀጽላል። አንዱን ቃል ዐሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ይለዋል። ሲነጋ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያለ ግድፈት ካላሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም፣ ስማቸው በገነነው የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶችም ሊቃውንት ሲፈልቁ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም የመጀመሪያውን ዕውቀት የቀሰሙት ከእነዚህ ጉባኤያት ነበር።

ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ያነሣል። በልጅነቱ ያልተማረ ሰው በጎልማሳነቱ ቢጀምር ይዘልቀዋልን? ዛሬ በየከተማው አጥቢያ በማታው መርሐ ግብር ግእዝ፣ ዜማና ቅዳሴ ለመማር የሚመዘገቡ የ40 እና የ50 ዓመት ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ ዘንድ «አእምሮዬ ደርቋል፤ ቀለም አይገባኝም» የሚለው ቃል ዘወትር ይሰማል። የሚያስደንቀው፣ የአንጎል ሊቃውንትም ለአንድ ምእት ዓመት ገደማ ያስተምሩት የነበረው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ያ ትምህርት እንዴት እንደ ተለወጠ፣ አሁን የት እንደ ደረሰ፣ ለአብነት ተማሪውና ለአረጋውያን ወላጆቻችንም ምን እንደሚነግረን እንመለከታለን። ከሳይንስ ጋር የተያያዙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ቃሉ ጥቂት

በግእዝ ሕዋስ ስንል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ የሚፈጸምባቸውን አምስቱን ሕዋሳት እናስባለን። የዘመኑ ትምህርት ይህንኑ ቃል ወስዶ ሴል ለሚባለው፣ በዐይን ለማይታየው ጥቃቅን የአካል ክፍል ሰጥቶታል። እኛም እዚህ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚደርሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ በሺሕ ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር ይያያዛል፤ የተማርነውም ነገር በሥጋ በኩል የሚኖረው በእነዚህ መያያዣዎች መጥበቅና መላላት ነው።

«በሥጋ በኩል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ነፍስ ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት እንደ ሆነች ታስተምራለች። አንጎል የነፍስ መሣሪያ ነው እንጂ ራሷ ነፍስ አይደለም። የበገናው አውታር ቢላላ ደርዳሪው ጠፋ አይባልም። ይህን መያዝ ኋላ ስለ መርሳት በሽታ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

«የሚሞት እንጂ የሚወለድ የለም»

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል በ1906 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ፣ የአንጎልን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ የሣለ ታላቅ ተመራማሪ ነበር። እርሱ ከ1913 እስከ 1914 ባሳተመው ሥራ፣ ያደገ ሰው አንጎል የተዘጋ መንገድ እንደ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ሊሞት እንደሚችል፣ ዐዲስ ግን እንደማይወለድ ደመደመ። ድምዳሜው በየትምህርት ቤቱ እንደ ሕግ ተወሰደ። መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ቆዳችን በወር ገደማ ይታደሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል፤ በአንጎል ውስጥ ግን ሕዋስ ሲከፈልና ሲባዛ ያየ አልነበረም። ነገሩን ስናስበውም ያስኬዳል። አንጎል እንደ ቆዳ በየወሩ ቢታደስ ኖሮ ተማሪው ለዓመታት የለፋበት ድጓ ከአሮጌው ሕዋስ ጋር ተገፎ በሄደ ነበር።

ይህን የተጋፈጠው በቡዳፔስት የተወለደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአይሁድ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፈው ጆሴፍ አልትማን ነው። የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በውስጡ ያለውን ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ለግልባጩም ቲሚዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ተመራማሪው ይህን ንጥረ ነገር የጨረራ ምልክት አድርጎበት በእንስሳው ሰውነት ያስገባዋል። ከቀናት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ምልክቱን የያዘ የነርቭ ሕዋስ ከተገኘ፣ ያ ሕዋስ የተወለደው ምልክቱ ከተሰጠ በኋላ ነው ማለት ነው። አልትማን በ1962፣ ከዚያም በ1965 ከጎፓል ዳስ ጋር ሆኖ፣ ባደጉ አጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ ዐዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ አሳየ። የሰማው ግን ጥቂት ነበር። በ1977 ማይክል ካፕላን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያረጋግጥለትም ብዙዎች አላመኑም። እንዲያውም በ1985 ፓስኮ ራኪች ያደጉ ጦጣዎችን መርምሮ ዐዲስ የነርቭ ሕዋስ አላገኘሁም አለ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖርና በትምህርት የሚመራ ፍጡር የተማረውን ይዞ ለመቆየት ሕዋሳቱ ባሉበት መጽናት አለባቸው የሚል ነበር። አልትማን እስከ 2011 ድረስ ቆይቶ በስፔን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት ሲሰጠው ከመጀመሪያው ጽሑፉ 49 ዓመት አልፎት ነበር።

አዕዋፉ የመሰከሩት

የልብ መለወጥ የጀመረው ከአጥቢ እንስሳት ሳይሆን ከወፎች ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዶ ኖተቦም ካናሪ የተባለችውን ዘማሪ ወፍ ሲያጠና፣ የወንዱ ካናሪ የዜማ ማዕከል በመራቢያው ወራት እንደሚሰፋ፣ ወቅቱ ሲያልፍም እንደሚጠብብ ተመለከተ። ዜማውን በየዓመቱ ያድሳል። በ1983 ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ በዚሁ ማዕከል ባደጉ ወፎች ዐዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ አሳየ።

ከኤዶም ገነት የመጡትን ሦስቱን አዕዋፍ እያሰበ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሚያዜም ምእመን ይህን ሲያነብ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አንዱን ለሌላው ማስረጃ ማድረግ አይገባም። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በካናሪ አይጸናም፤ የካናሪውም ምርምር ከገድል አልተቀዳም። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ፈጣሪን ማመስገን ግን የተፈቀደ ነው።

በሰው ላይ የተገኘው የመጀመሪያው ማስረጃ የመጣው በ1998 ነው። ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰንና አሜሪካዊው ፍሬድ ጌጅ፣ ለምርመራ ሲባል ሕዋስን የሚያመለክት ንጥረ ነገር ተሰጥቷቸው የነበሩ አምስት የካንሰር ሕሙማን ካረፉ በኋላ አንጎላቸውን መረመሩ። በሂፖካምፐስ ውስጥ ምልክቱን የያዙ የነርቭ ሕዋሳትን አገኙ። ሂፖካምፐስ በሁለቱ ጆሮዎቻችን አቅጣጫ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል፣ በግራና በቀኝ የሚገኝ ሲሆን፣ ቅርጹ የባሕር ፈረስ የተባለውን ዓሣ ስለሚመስል በ1587 ጣልያናዊው አራንዚ ይህን ስም ሰጠው። ዐዲስ ትውስታ ወደ መዝገብ የሚገባው በአብዛኛው በእርሱ በኩል ነው። በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ይህ ክፍሉ ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው በቀዶ ጥገና ሲወጣለት፣ የልጅነቱን ታሪክ እያስታወሰ ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን ሰው ግን ከደቂቃዎች በላይ የማያስታውስ ሆኖ ቀረ።

በ2013 ዮናስ ፍሪሴንና ባልደረቦቹ በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የሕዋሳቱን ዕድሜ የሚለኩበትን ሌላ ዘዴ አመጡ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታላላቅ መንግሥታት አቶሚክ ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ ካርቦን 14 የተባለው ንጥረ ነገር በዓለም ሁሉ በዛ። በ1963 በአየር ላይ የሚደረገው ሙከራ በስምምነት ሲታገድ ደግሞ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ዕፅዋት ከአየር ይወስዱታል፤ ሰው ዕፅዋትን ይመገባል። በጎጃም ማሳ የበቀለ ጤፍ ሳይቀር የዚያን ዘመን ምልክት ይዟል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዋስ በተወለደበት ዓመት የነበረውን የካርቦን መጠን በዲ ኤን ኤው ይዞ ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለክተው፣ ባደገ ሰው በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን ወደ 700 የሚሆኑ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገመቱ። ለክፋት የተሠራ መሣሪያ ለዕውቀት ሰዓት ቆጣሪ ሆነ።

ክርክሩ

አንባቢ ነገሩ በዚህ ያለቀ እንዳይመስለው። በ2018 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከሕፃናትና ከዐዋቂዎች የተወሰዱ 59 ናሙናዎችን አይተው፣ የዐዲስ ሕዋስ ምልክት በልጅነት በፍጥነት እንደሚቀንስና በዐዋቂዎች ዘንድ እንዳልተገኘ አሳተሙ። ወር ገደማ ቆይቶ ማውራ ቦልድሪኒና ባልደረቦቿ ከ14 እስከ 79 ዓመት የነበሩ 28 ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ ልደቱ እስከ እርጅና ይቀጥላል አሉ። የልዩነቱ አንድ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። ዐዲስ ሕዋስ የሚለይበት ደብልኮርቲን የተባለው ፕሮቲን ሰው ካረፈ በኋላ ፈጥኖ ይጠፋል፤ አንጎሉ ዘግይቶ ወይም ለረጅም ጊዜ በመድኃኒት ተነክሮ ከቆየ ምልክቱ አይታይም። በ2019 በስፔን የተደረገ ጥናት ናሙናውን በጥንቃቄ አዘጋጅቶ፣ ከ43 እስከ 87 ዓመት በነበሩ 13 ጤነኛ ሰዎች ዘንድ በሺሕ የሚቆጠሩ ዐዳዲስ ሕዋሳትን አገኘ። በ2025 ደግሞ የፍሪሴን ቡድን እስከ 78 ዓመት ባሉ ሰዎች ውስጥ የሚከፋፈሉትን እናት ሕዋሳት ራሳቸውን አግኝቻለሁ አለ። መጠኑ ግን ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ፈጽሞ የለም ለማለት የሚቻል ሆኖ ተገኝቷል።

ሰባክያነ ወንጌል ይህን ልብ ይሏል። «ሳይንስም አረጋገጠ» እያሉ በመድረክ ማወጅ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ጽሑፎች በሚወጡበት ጉዳይ ላይ እምነትን ማንጠልጠል ነው።

ጥቂቶቹ ምን ይሠራሉ?

ከ86 ቢሊዮን አንጻር በቀን 700 ኢምንት ነው። ጥቅማቸው በብዛት ሳይሆን በጠባያቸው ነው። ወጣት ሕዋስ ከአረጋዊው ይልቅ ቶሎ ይነቃል፤ ዐዲስ መያያዣም ቶሎ ይሠራል። በአይጦች ላይ በ2009 በወጣ ጥናት፣ ዐዲስ ሕዋስ እንዳይወለድ የተከለከሉት አይጦች ተራርቀው ያሉ ሁለት ቦታዎችን ይለዩ ነበር፤ ተቀራርበው ያሉትን ግን ይቀላቅሉ ነበር። ይህም ተመሳሳይን ከተመሳሳይ የመለየት ችሎታ ከእነዚህ ወጣት ሕዋሳት ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ አመለከተ።

ድጓ የተማረ ሰው ይህ ምን ያህል ክቡር ችሎታ እንደ ሆነ ያውቃል። የአንዱ በዓል ቃል ከሌላው በአንዲት ሐረግ ብቻ ይለያል፤ ይዘት በነበረበት ጭረት፣ ደረት በነበረበት ርክርክ ይገባል። ጀማሪ የሚሳሳተው የማያውቀውን አይደለም፤ የሚያውቃቸውን ሁለት ተቀራራቢዎች ነው። በአይጥ የታየው በድጓ ተማሪ አንጎል ውስጥ ይደረጋል ለማለት ግን የተሠራ ምርመራ አናውቅም፤ ማነጻጸሪያችን ለመረዳት ያህል ነው። የቀረበ ምስክር የሚሆነን በ2016 በሕንድ ቅዱስ የሚሏቸውን ጽሑፎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል በያዙ 21 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናት ነው፤ በአንጎላቸው የቃልና የትውስታ ክፍሎች ከሌሎች ሰዎች የተለየ መጠን ታይቷል። በ2000 ደግሞ የከተማዪቱን ወደ 25,000 መንገዶች በቃላቸው የሚያጠኑት የለንደን ታክሲ ነጂዎች የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ሰፍቶ ተገኝቷል። እነዚህ የመጠን ለውጦች ናቸው፤ ዐዲስ ሕዋስ ስለ መወለዱ አይናገሩም። የጎልማሳ አንጎል በልምምድ እንደሚለወጥ ግን ይናገራሉ።

የሚያሳድገውና የሚያጠፋው

መወለድ አንድ ነገር ነው፤ ማደግ ሌላ ነው። በአይጥ አንጎል ከሚወለዱት ሕዋሳት ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። የሩጫና የእግር ጉዞ ልምምድ የሚወለዱትን ያበዛል፤ ትምህርት ደግሞ የተወለዱትን ከሞት ያተርፋል። ይህም ማንኛውም ትምህርት አይደለም። እንስሳው በቀላሉ የሚይዘው ትምህርት ያን ያህል አይጠቅምም፤ የሚያተርፋቸው የሚያታግለው፣ ተሳስቶ ተመልሶ የሚሞክረው ነው። ቅዱስ ያሬድ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ትምህርት እምቢ ብሎት ሲሸሽ፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችውንና በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ የተመለሰበት ታሪክ ለአብነት ተማሪ ሁሉ የሚነገረው በከንቱ አይደለም።

እንቅልፍም ትምህርት ነው። በ1994 የወጣ ጥናት አይጦች ቀን የተጓዙበትን መንገድ ሲተኙ በሂፖካምፐሳቸው እንደሚደግሙት አሳይቷል። የተኛ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም ማለት ነው። ስለ ጾም ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው አለ፤ ምግባቸው በልክ በተቀነሰባቸው አይጦች ዐዳዲስ ሕዋሳት በብዛት ተርፈዋል። እኛ ግን የምንጾመው ለአንጎል ብለን አይደለም፤ ለዚህ ብሎ የሚጾም ቢኖር ጾሙ አመጋገብ ሆነበት። በልክ መቀነስና መራብም አንድ አይደሉም። ቁራሽ ለምኖ ውሎ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የሚመለስ ሕፃን ተማሪ ረኀቡ ትምህርቱን ይነጥቀዋል እንጂ አይጨምርለትም። ጉባኤያትን ስንረዳ ከመጽሐፍና ከቆርቆሮ አስቀድመን እህሉን ማሰብ የሚገባን ለዚህ ነው።

ከሚያጠፉት ዋናው የማያቋርጥ ጭንቀት ነው፤ በጦጣ ዘመዶች ላይ በ1998 የተደረገ ጥናት ፍርሃት የዐዳዲስ ሕዋሳትን ልደት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መካከል የተኩስ ድምፅ እየሰማ የሚቀጽል ልጅ ቀለሙ ቢጠፋበት ስንፍና ነው ብሎ መገሠጽ ተገቢ አይመስለንም። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ በአይጦች ላይ እንደታየው አልኮል በብዛት ሲወሰድ ልደቱን ይቀንሳል። በበዓላት ሰበብ አረቄ ለሚያዘወትሩ አገልጋዮች ይህ የሚመለከታቸው ነው።

ስለ አብሾ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቀለም ያስይዛል ተብሎ የሚጠጣው ይህ ቅመማ በአብነት ተማሪዎች ዘንድ የቆየ ወሬ አለው፤ ወሬውም ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ መጽሐፉን ሁሉ በቃሉ ያዘ ይባላል፣ ሌላው አእምሮውን ስቶ ቀረ ይባላል። ከሚገቡበት ዕፅዋት አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው አንዱ እንደ ሆነ ይነገራል። የዚህ ተክል ፍሬና ቅጠል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞችን ይዟል። ስኮፖላሚን አንጎል ትውስታን ለመመዝገብ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል። እንዲያውም ተመራማሪዎች የመርሳት መድኃኒትን በእንስሳት ሲፈትኑ አስቀድመው እንስሳውን እንዲረሳ የሚያደርጉት ስኮፖላሚን ሰጥተው ነው። ያስታውሳል ተብሎ የሚጠጣው የሚያስረሳው ነው፤ ከልኩ ካለፈም ያቃዣል፣ ልብን ያስፈነጥዛል፣ ይገድላል። ቀጸላውን ጠልቶ ጽዋውን የመረጠ ተማሪ ካለ መምህሩም ጓደኛውም ሊያስጥሉት ይገባል።

የሚረሱ አባቶችና እናቶች

ከላይ የጠቀስነው የ2019 ጥናት ሌላ ገጽ አለው። በአልዛይመር በሽታ የተያዙ 45 ሰዎችን አንጎልም መርምሮ፣ ዐዳዲስ ሕዋሳቱ በበሽታው መጀመሪያ ላይ እንኳ ቀንሰው፣ በሽታው በበረታ ቁጥርም ይበልጥ እያነሱ እንደሚሄዱ አግኝቷል። ዐዲስ ሕዋስ አስወልዶ ይህን በሽታ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን የለም። በሽታው ከመምጣቱ በፊት ግን የሚቻል ነገር አለ። በ2011 በወጣ ጥናት 120 አረጋውያን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ፤ ሂፖካምፐሳቸው በ2 በመቶ ያህል ሲጨምር የሌሎቹ ቀነሰ። ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው የሚመላለሱ እናቶችን «ደከሙ» ብሎ በመኪና ብቻ ማመላለስ ሁልጊዜ ውለታ ላይሆን ይችላል።

በየቤቱ የምናየው ሌላም ነገር አለ። ቁርሳቸውን መብላታቸውን የረሱ፣ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው፣ ከጓሮ ወጥተው ቤታቸውን ያጡ አረጋዊ ካህን ይኖራሉ። ጎረቤት «መድኃኒት ተደርጎባቸው ነው» ይላል፤ ቤተሰብም አፍሮ ከሰው ይሰውራቸዋል። በሽታው በመጀመሪያ የሚጎዳው ዐዲሱን የሚመዘግበውን ክፍል ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በሺሕ ጊዜ የተደገመው ግን በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ሥር ሰዶ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ወደ ጠበሉ መውሰዱን ሳይተው ወደ ሐኪምም መውሰድ ይገባል፤ የመርሳት ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የቫይታሚን እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላልና፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። አልዛይመር ሆኖ ከተገኘም ከቤተ ክርስቲያን አይለዩ። ቅዳሴው ሲጀመር ከመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው፣ ከጎናቸው የቆመው ልጅ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ፣ ተሰጥዎውን ከሕዝቡ ጋር ሳያዛንፉ ይመልሳሉ።